ሮምን ለሁለት መጎብኘት፦ ጣሪያ የሌለው አውቶቡስ፣ የሰዓት ቲኬትና የራስ እግር

ሮም የደረሱ ባልና ሚስት ገና ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ሳይርቁ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀርባቸው፣ ጣሪያ የሌለውን ባለሁለት ፎቅ የጉብኝት አውቶቡስ ቲኬት የሚሸጥ ሰው ነው። ቀለማቸው የተለያየ፣ መንገዳቸው ግን እምብዛም የማይለያይ በርካታ ኩባንያዎች በዚህ ሥራ ተሰማርተዋል። ዋጋው እንደ ኩባንያውና እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ቢልም ለአንድ ቀን በሰው ከ20 ዩሮ በላይ መክፈል የተለመደ ሲሆን፣ ለሁለት ሲባዛ ሁለት ሰው ኮሎሲየም ከሚገባበት ሒሳብ ይበልጣል። እኔና ባለቤቴ ይህንን አውቶቡስም፣ ሰዓት ተወስኖላቸው የሚሸጡትን የመግቢያ ቲኬቶችም፣ የከተማውን ሜትሮም፣ የራሳችንን እግርም ሞክረን ስናበቃ የተስማማንበት ነገር አንድ ነው፦ ሮም ውስጥ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ወረፋ የሚያስቀር ቲኬት እንጂ የጉብኝት መጓጓዣ አይደለም።

ምክንያቱ የከተማዋ አቀማመጥ ነው። ጎብኚ ለማየት የሚጓጓላቸው አብዛኞቹ ስፍራዎች የቲበር ወንዝ በሚታጠፍበት ክርን ውስጥና በአቅራቢያው ባለው አሮጌ ከተማ ተጠጋግተው የሚገኙ ሲሆን፣ መተላለፊያዎቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ከመሆናቸውም በላይ የመኪና ዝውውር የተገደበባቸው ናቸው። በዚህ የተነሣ ትልቁ አውቶቡስ እስከ ጥንታዊው ቤተ መቅደስ እስከ ፓንቴዎን፣ እስከ ናቮና አደባባይም ሆነ እስከ ትሬቪ ፋውንቴን ድረስ መግባት አይችልም። ከተርሚኒ ተነሥቶ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ፣ በኮሎሲየም፣ በጥንቱ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ በቺርኮ ማሲሞ፣ በቬኔዚያ አደባባይና በቫቲካን አካባቢ ባሉት ሰፋፊ ጎዳናዎች ይዞራል፤ ተሳፋሪውን ዳር ላይ ያወርደዋል፤ የቀረውን በእግር መጨረስ ግድ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ሰው የሚከፍለው ያለ ክፍያም ሊሄድበት የሚችለውን መንገድ ግማሽ ለመሄድ ነው።

እኛ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ንጹሕ ነበር፣ ሠራተኞቹም ትሑታን ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ የላይኛው ፎቅ ወንበሮች ፀሐይ ውለው ስለጋሉ እጅ አያስደግፉም ነበር፤ ከመቀመጫው ጀርባ በሚሰካው ማዳመጫ የሚሰማው የተቀዳ ትረካም ከአውቶቡሱ ጋር አይገጥምም ነበር። ከኮሎሲየም ፊት ለፊት በመኪና መጨናነቅ ተይዘን ቆመን ሳለን ድምፁ የቺርኮ ማሲሞን የሠረገላ እሽቅድምድም ተርኮ ጨርሶ ወደ ሙዚቃ ተሸጋገረ፤ ቺርኮ ማሲሞ ስንደርስ ያገኘነው ያንኑ ሙዚቃ ነው። በቬኔዚያ አደባባይ ደግሞ ለሦስተኛው የሜትሮ መስመር የሚካሄደው ቁፋሮ መንገዱን አጥብቦታል፤ እዚያ የሚባክነው ጊዜ በእግር ከአደባባዩ ፓንቴዎን ደርሶ ለመመለስ ይበቃል። አንድ ጥሩ ጎኑን ልጥቀስ፦ ጉልበቱን ለሚያመው ወይም ደረጃ ለሚከብደው ሰው፣ ከተማዋን አንድ ጊዜ ዞሮ አጠቃላይ መልኳን ለመያዝ ይጠቅማል። ለዚህ ዓላማ የሚሳፈር ሰው ግን እየወረደ እየተሳፈረ ባይቆራርጠው ይሻለዋል፤ ሌላው አውቶቡስ ሲመጣ የላይኛው ፎቅ ሞልቶ ነው የሚመጣው።

በአውቶቡሱ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ግን ከሙቀቱም ከመዘግየቱም የተለየ ነው። አውቶቡሱ የሚነሣበት ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ አምስት መቶዎቹም እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ለእነርሱ መታሰቢያ የቆመው፣ ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ሐውልት ያለበት ግንብ፣ ከጣቢያው ብዙም በማይርቅ የመናፈሻ ጥግ ዛፍ ጥላ ሥር ይገኛል። አውቶቡሱ ወደ ቺርኮ ማሲሞ ሲጠጋ ደግሞ በፖርታ ካፔና አደባባይ በኩል ያልፋል። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ የተተከለው እዚሁ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን ታስቦ በተሠራውና ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር። ጣሊያን ሐውልቱን እንድትመልስ በ1947ቱ የሰላም ውል ብትገደድም፣ ተነቃቅሎ የወረደው በ2003፣ አክሱም የደረሰውም በ2005 ነው። አሁን በስፍራው የቆሙት ሁለት አጫጭር ጥንታዊ አምዶች ናቸው፤ በኒው ዮርክ በመስከረም 2001 ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው። ስለዚህ ሁሉ ትረካው አንዲት ቃል አልተናገረም። ለአንድ አማርኛ አንባቢ ከሮም መንገዶች ሁሉ ይህ ቦታ ሊታለፍ የማይገባው ስለሆነ፣ በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ወርዶ ጥቂት እርምጃ መሄድ ይበቃል።

አሁን ገንዘቡ ወደሚገባበት ነገር ልለፍ። ኮሎሲየም የሚገባው ቲኬት በ18 ዩሮ ሒሳብ ተሽጦልናል፤ ከጥንቱ የከተማ አደባባይ ከሮማ ፎረምና ከፓላቲን ኮረብታ ጋር ተጣምሮ ለ24 ሰዓት የሚያገለግል ነው። በአጭሩ ይህ ሮም ውስጥ ካየኋቸው አገልግሎቶች ሁሉ ለተከፈለበት ገንዘብ የተሻለውን የሚሰጥ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ የኮሎሲየም መግቢያ ሰዓት በቲኬቱ ላይ የተጻፈ ሲሆን ፎረሙና ፓላቲኑ ግን በዚያው 24 ሰዓት ውስጥ በሚመች ጊዜ የሚገባባቸው ናቸው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ኮሎሲየምን፣ በማግሥቱ ጠዋት ገና ፀሐዩ ሳይከር ፓላቲንን ማየት ይቻላል፤ ሁለቱን በአንድ የእኩለ ቀን ሙቀት ውስጥ ማጨቅ አያስፈልግም። ሁለተኛው፣ ቲኬቱ ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ወዲህ በስም የሚወጣ በመሆኑ የሁለቱም ሰዎች ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መጻፍ አለበት፤ በሩ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። እኛ የአባትና የአያት ስም የምንጠቀም ሰዎች በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል፤ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲል ፓስፖርቱ ላይ በዚያ መስመር የተጻፈውን እንጂ በልማድ የምንጠራበትን መጻፍ በር ላይ ክርክር ያስከትላል። ባልና ሚስትም እንደ ሌላው አገር በአንድ የቤተሰብ ስም ስለማንጠራ፣ አንዱ የሌላውን ስም ለሁለቱም ቢሞላ አያዋጣም።

ከግንቡ ውጭ «ወረፋ የለም» እያሉ የሚዞሩ ሻጮች የሚያቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ቲኬት አስጎብኚ ተጨምሮበት በብዙ እጥፍ ዋጋ ነው። የፍተሻው ወረፋ ደግሞ ለማንም አይቀርም። አስጎብኚ መኖሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሃያና ሠላሳ ሰው በአንድ ባንዲራ ሥር ሲጓዝ ግን ሁለት ሰዎች ቆም ብለው ሊያዩ የሚወዱትን ማየት አይችሉም።

ኮሎሲየም የወረፋን ነገር ከዛሬ ሠራተኞቹ የተሻለ ያውቅበት እንደነበር ለማየት በሰሜን በኩል ያሉትን የታች ቅስቶች ቀና ብሎ መመልከት ነው። ከቅስቶቹ አናት ላይ በድንጋዩ የተቀረጹ የሮማውያን ቁጥሮች አሁንም ይነበባሉ፤ ባለቤቴ ጣቱን እየቀሰረ ሲቆጥር «አምሳ ሁለት» ላይ ሲደርስ ከኋላችን የነበሩት ሰዎችም አንጋጠው መቁጠር ጀመሩ። በንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ80 በልጁ በቲቶ ዘመን በተመረቀው በዚህ ግንብ፣ ተመልካቹ የሚገባበት ቅስት በቁጥር የተለየ ስለነበር አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳይጋፉ ገብተው ሳይጋፉ ይወጡ ነበር ይባላል። ዛሬ ግን ሁሉም በአንድ ጉሮሮ ነው የሚገባው።

የቫቲካን ሙዚየሞች ነገር ከዚህ ይለያል። መደበኛው መግቢያ 20 ዩሮ ሲሆን በኢንተርኔት አስቀድሞ ሰዓት ለሚይዝ 5 ዩሮ ይጨመርበታል፤ ይህ 5 ዩሮ በከተማዋ ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ ያልቆጨን ነው፤ ቲኬት ያልያዙት ሰዎች ወረፋ የቫቲካንን አጥር ተከትሎ ጥግ ይዞራል። ሙዚየሞቹ እሑድ ዝግ ናቸው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ያለ ክፍያ ይከፈታሉ፤ ነፃ በመሆኑም ያን ዕለት መሄድ ራስን ለግፊያ አሳልፎ መስጠት ነው። ከበሩ እስከ ሲስቲን ጸሎት ቤት ያለው መንገድ እጅግ ረጅም ሲሆን፣ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደዚያው ስለሚነዳ በመሃል ያሉት የካርታዎች አዳራሽና የራፋኤል ክፍሎች ቆሞ ለማየት ትግል ይጠይቃሉ። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ዘበኞቹም በየጥቂት ደቂቃው ዝምታ ያውጃሉ። ማይክል አንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 ጣሪያውን፣ ከ1536 እስከ 1541 ደግሞ ከመሠዊያው በላይ ያለውን የመጨረሻ ፍርድ ሥሏል። ግድግዳውን ተጠግተው የተሠሩት አግዳሚዎች ላይ ቦታ የተገኘ እንደሆነ ተቀምጦ ማየት ነው፤ ቆሞ ላንጋጠጠ ሰው አንገቱ ከሥዕሉ ቀድሞ ይዝላል።

የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያ በነፃ ነው፤ የራሱ የፍተሻ ወረፋ ስላለው በማለዳ መሄድ ይመረጣል። ትከሻና ጉልበት የማይሸፍን ልብስ የለበሰ አይገባም፤ ይህ ለእኛ አገር ምእመን አዲስ ነገር አይደለም። ጉልላቱ ላይ ለመውጣት 551 ደረጃ ሲኖር፣ በአሳንሰር የሚጀምር ወደ 320 ያወርደዋል፤ የመጨረሻው ክፍል ከጉልላቱ ጋር አብሮ የሚያጋድል ጠባብ መተላለፊያ በመሆኑ የተዘጋ ቦታ የሚያስፈራው ሰው ታች ቢቀር ይሻላል። ታች የሚቀረው ሰው ከአደባባዩ ወለል ላይ ከሐውልቱና ከፋውንቴኖቹ መካከል ያለችውን ክብ ድንጋይ ይፈልግ። በዚያች ድንጋይ ላይ ሲቆም ቀራፂውና አርክቴክቱ በርኒኒ በአራት ረድፍ ካቆማቸው 284 አምዶች በዚያ በኩል ያሉት አንዱ በሌላው ጀርባ ተሰውረው አንድ ረድፍ ብቻ ሆነው ይታያሉ፤ ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ ሲል እንደገና ይበተናሉ። ለዚህ ምንም አይከፈልም፤ ሰውም አይጋፋም፤ አብዛኛው ጎብኚ ድንጋይዋን ረግጧት ያልፋል።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ግዛት ውስጥ፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያረፉበት የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሮም ላይ ያሳተመው በዚያ ማኅበር ውስጥ ሆኖ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከሕዝብ መተላለፊያው ውጭ ስለሆነ በተራ ቲኬት አይደረስበትም፤ ከጉልላቱ አናት ወደ አትክልቱ ስፍራ ሲመለከቱ ግን አካባቢው በግልጽ ይታያል። አብዛኛው ሰው የሚመለከተው በተቃራኒው ወደ አደባባዩ ስለሆነ በዚያ በኩል ግፊያ የለም።

የቀረው የእግር ነው። ከቬኔዚያ አደባባይ ተነሥቶ ፓንቴዎንን፣ ናቮናን፣ ትሬቪንና የስፔን ደረጃዎችን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሳይቸኩሉ ማዳረስ ይቻላል። ፓንቴዎን ለረጅም ዘመን በነፃ ሲጎበኝ ቆይቶ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ማስከፈል ጀምሯል፤ መነሻው 5 ዩሮ ነበር፤ ከዚያ በላይ ቢሆንም አይከፋም። ጉልላቱ 43 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከወለሉ እስከ አናቱ ያለው ከፍታም ከስፋቱ እኩል ነው። አናቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ይገባል፤ ውኃው የሚወርድባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በእብነ በረዱ ወለል ላይ ይታያሉ። ከዚያው ውስጥ ከሠዓሊው ከራፋኤል መቃብር ሳይርቅ የንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ መቃብር ይገኛል። የውጫሌ ውል የተፈረመው በእርሱ ዘመን ነው፤ የዓድዋ ዕለትም ዙፋን ላይ የነበረው እርሱ ነው። ከእኛ በቀር ይህን ብሎ የቆመ ሰው አላየሁም።

በናቮና አደባባይ መካከል በርኒኒ የሠራው የአራቱ ወንዞች ፋውንቴን እ.ኤ.አ. በ1651 የተጠናቀቀ ነው። ከአራቱ አንዱ ናይል ሲሆን ምንጩ አይታወቅም ተብሎ ወንዙን የሚወክለው ምስል ጭንቅላቱ በጨርቅ ተሸፍኗል። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን ቆሞ ካየ ያኔ 33 ዓመት አልፎት ነበር፤ ምንጩን ለማወቅ ደግሞ የጎጃም ሰው ፓኤዝንም አልጠበቀም።

ስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 ወዲህ የተከለከለ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል፤ ፖሊሶቹ በፊሽካ ያስነሣሉ። ትሬቪ ቀን ቀን የሰው ጀርባ ብቻ የሚታይበት ስለሆነ ማለዳ ከቁርስ በፊት ቢሄዱበት ይሻላል። በየመንገዱ ደግሞ ሮማውያን ናዞኔ የሚሏቸው፣ ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ የሚያፈስሱ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ቁጥራቸው 2,500 ያህል ነው። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውኃው በላይ በኩል ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ስለሚፈናጠር ሳይጎነበሱ መጠጣት ይቻላል። ይህን ያወቀ ሰው በኮሎሲየም ዙሪያ በውድ የሚሸጠውን የታሸገ ውኃ አይገዛም።

ለረጅሙ መንገድ ሜትሮው ይበቃል። በተጠቀምንበት ጊዜ ተራው ቲኬት 1.50 ዩሮ ሆኖ ለ100 ደቂቃ ያገለግል ነበር፤ በአውቶቡስና በትራም መቀያየርን ይፈቅዳል፤ ሜትሮ ግን አንዴ ከወጡ በዚያው ቲኬት ደግሞ መግባት የለም። ኤ እና ቢ መስመሮች ተርሚኒ ላይ ይገናኛሉ፤ ቫቲካን በኤ፣ ኮሎሲየም በቢ ነው። ሲ መስመር የሚያልፍበት ሳን ጆቫኒ ጣቢያ በቁፋሮው ጊዜ የተገኙ የጥንት ዕቃዎች በመስታወት ውስጥ ስለተደረደሩበት በራሱ መጎብኘት የሚገባው ነው። ተሳፋሪ በሚበዛባቸው መስመሮች፣ በተለይ በተርሚኒ፣ ኪስና ቦርሳ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ነገር ይወዳሉ ማለት አይደለም። ባለቤቴ ፍርስራሽ እየዞረ ቢውል አይሰለቸውም፤ እኔ ከሥዕልና ከቅርፃ ቅርጽ ፊት መቀመጥን እመርጣለሁ። ቦርጌዜ ጋለሪ ይህን ልዩነት በሚገባ ያስተናግደዋል፦ መግቢያው በቅድሚያ በተያዘ ሰዓት ብቻ ሆኖ ቆይታው በሁለት ሰዓት የተወሰነ ስለሆነ፣ አንዱ ውስጥ ሲቆይ ሌላው በዙሪያው ያለውን መናፈሻ ያያል፤ መገናኛ ሰዓቱም አስቀድሞ ይታወቃል። በርኒኒ በጥንቱ የግሪክ ተረት ያለችው ዳፍኒ ወደ ዛፍነት ስትለወጥ ያሳየበት ቅርጽ ላይ ጣቶቿ ጫፍ የወጡት የእብነ በረድ ቅጠሎች ብርሃን የሚያሳልፉ እስኪመስሉ ድረስ የሳሱ ናቸው። ያን አንዱን ቅርጽ ከየአቅጣጫው ዞሮ ለማየት ብቻ ሩብ ሰዓት ይሄዳል፤ ሁለት ሰዓቱ አይበዛም።

ወጪ የሚተምን ሰው የማይረሳቸው ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። ሆቴሎች ከአልጋው ዋጋ በላይ የከተማው የማረፊያ ግብር በሰውና በሌሊት ያስከፍላሉ፤ መጠኑ በሆቴሉ ደረጃ ስለሚለያይ አስቀድሞ ጠይቆ መያዝ ጥሩ ነው። ወደ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ከተርሚኒ በ32 ደቂቃ ሲያደርስ ዋጋው በሰው 14 ዩሮ ነው፤ ከጥንቱ የከተማ ግንብ ውስጥ ለሚነሣ ታክሲ የተተመነው ቋሚ ዋጋ 55 ዩሮ ስለነበር ለሁለት ሰው ባቡሩ በግማሽ ያህል ይረክሳል፤ ብዙ ሻንጣ ካለ ግን ታክሲው ያን ያህል አይበዛም። ጣሊያን ውስጥ የትራንስፖርት ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ አዘውትሮ ስለሚጠራና ቀኑም አስቀድሞ ስለሚነገር፣ መመለሻው ቀን ከአድማው ጋር እንዳይገጥም ከዋዜማው ይልቅ ሳምንት ቀደም ብሎ መጠየቅ ይሻላል።